ሁለተኛው ባላ ተሞክሯል ወይ?

የገበያና የባንክ መዝገብ ወደሚቀመጥበት መሣሪያ የሚወስደው መንገድ ጉዳይ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን አባባል ነጋዴ በቃሉ ብቻ ሳይሆን በሥራውም ያውቀዋል። ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገዛ ጅምላ አከፋፋይ፣ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ባንክ ብቻ የሚያንቀሳቅስ አስመጪ፣ መብራት በሄደ ቁጥር በሩን የሚዘጋ ባለሱቅ ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ጄኔሬተር ተገዝቷል፤ ስልኩ ባለሁለት ሲም ሆኗል፤ ሒሳቡም በሁለትና በሦስት ባንክ ተከፋፍሏል። አባባሉ የማይናገረው አንድ ነገር ግን አለ። ይኸውም የመጀመሪያው ባላ በተሰበረበት ዕለት ሁለተኛው ሸክሙን መሸከም መቻሉ አስቀድሞ በምን ይታወቃል? የሚለው ነው።

ጥያቄው የቆየ ቢሆንም በአሁኑ ወቅት አዲስ ክብደት አግኝቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ተከፍቶ፣ ወጋገን ባንክም በገበያው ላይ የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሆነ ወዲህ፣ አክሲዮን የሚባለው ንብረት ከመሳቢያ ወረቀትነት እየወጣ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ የሚኖር ቁጥር እየሆነ ነው። የመጋዘን ደረሰኝም በምርት ገበያው ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ከተሻገረ ቆይቷል። እንዲህ ባለው ገበያ ሻጭና ገዢ ዋጋ ቢስማሙም፣ መዝገቡ ካልተከፈተ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። መዝገቡ ሳይጠፋ፣ ሳይሰረቅና ሳይበላሽ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ ብቻ ቢዘጋ፣ ውጤቱ ለዚያ ዕለት ከመጥፋት የማይለይ ነው።

ብዙ የፋይናንስ ተቋማት ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ «ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት አለን» የሚል መልስ ይሰጣሉ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቂ ግን አይደለም። ሁለት ሁለት የነበራቸው ታላላቅ የዓለም ተቋማት በሁለተኛው ሳይድኑ ቀርተዋልና።

ከሱቁ እስከ መጋዘኑ

ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት የባለሙያ ቋንቋ የበዛበት ይመስላል። አሠራሩ ግን መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ የሚረዳው ነው። በአንድ ባንክ ወይም በአንድ ገበያ ዳታ ሴንተር ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበሉትና ሒሳብ የሚያሰሉት ሰርቨሮች መዝገቡን በራሳቸው ውስጥ አይዙም። መዝገቡ የሚቀመጠው ራሱን በቻለ የማከማቻ መሣሪያ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሱቁ፣ ማከማቻው መጋዘኑ መሆኑ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ ሱቁ ቢቃጠል መጋዘኑ ይተርፋል፤ ሌላ ሱቅ ከፍቶ ከዚያው መጋዘን መሸጥ ይቻላል።

ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ሱቁና መጋዘኑ የሚገናኙት በፋይበር ወይም በኔትወርክ ገመድ ሲሆን፣ ገመዱ በስዊች በኩል ያልፋል፤ በወዲያኛው ጫፍም የማከማቻው መቆጣጠሪያ ይቀበለዋል። ከነዚህ አንዱ ቢበላሽ ሱቁ ከመጋዘኑ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጥሩ ዳታ ሴንተር እያንዳንዱን ሁለት ያደርጋል። በሰርቨሩ ላይ ሁለት የመገናኛ ካርድ፣ በመሐል ሁለት ስዊች፣ በማከማቻው ላይ ሁለት መቆጣጠሪያ ይኖራል። እያንዳንዱ ካርድ በየራሱ ስዊች፣ እያንዳንዱ ስዊችም ከሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ጋር ሲያያዝ፣ ከአንድ ሰርቨር ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱ አራት መንገዶች ይገኛሉ። ባለሙያዎች «መልቲፓዝ» የሚሉት ይህንን የብዙ መንገድ አሠራር ነው።

ዕቃውን ገዝቶ ማገናኘት ግን የሥራው ግማሽ እንኳን አይደለም። ሰርቨሩ በራሱ አራቱ መንገዶች ወደ አንድ ቦታ እንደሚወስዱ አያውቅም። በአራት መንገድ ያየውን አንድ ዲስክ አራት የተለያዩ ዲስኮች አድርጎ ይቆጥረዋል። አንድን የቡና ከረጢት አራት ጊዜ ቆጥሮ አራት ደረሰኝ የሚጽፍ የመጋዘን ጠባቂ ማለት ነው። አንዱን ዲስክ እንደ ሁለት ቆጥሮ ሁለት ሥራ ቢጽፍበት ደግሞ መዝገቡ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይበላሻል። ከዚህ አንጻር በወጉ ያልተዋቀረ ሁለት መንገድ ከአንድ መንገድ የከፋ ጊዜ አለ።

ይህን የሚያስተካክለው የመልቲፓዝ ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካው ጀምሮ የማይደገም መለያ ቁጥር ስላለው፣ ሶፍትዌሩ ያንን ቁጥር አንብቦ አራቱን መንገዶች በአንድ ስም ያጠቃልላቸዋል። ከዚያ በኋላ መንገዶቹን በየጊዜው ይፈትሻል። ብዙ ባንኮች በሚጠቀሙበት በሊኑክስ ላይ ያለው ሶፍትዌር ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በየ5 ሴኮንዱ ይፈትሽና፣ መንገዱ ደህና ሆኖ ከቀጠለ ክፍተቱን እስከ 20 ሴኮንድ ያራዝመዋል። አንዱ መንገድ ሲሞት ሥራውን ወደ ቀሩት ያዞራል፤ ሲድንም ይመልሰዋል። የገበያው ተጠቃሚ ምንም አያውቅም። ነገሩ ሁሉ ሲሠራ እንዲህ ነው።

የማይሠራባቸው ምክንያቶችም እንደዚሁ ተራ ናቸው። ሁለቱ ካርዶች በአንድ ስዊች ላይ ተሰክተው ይገኛሉ። ሁለቱ ስዊቾች መብራት የሚያገኙት ከአንድ መስመር ይሆናል። ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። ባለሁለት ሲም ስልክ የያዘ ሰው ሁለቱንም ሲም ከአንድ ቴሌኮም ገዝቶ «ሁለት መስመር አለኝ» እንደማለት ነው። በወረቀት ላይ ሁለት፣ በተግባር አንድ።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። በተለመደው ኔትወርክ ላይ ከማከማቻ ጋር የሚያገናኘውና በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ማንም ካልነካው የተቋረጠ መስመር እስኪመለስ 120 ሴኮንድ ይጠብቃል። አንድ መንገድ ብቻ ላለው ሰው መጠበቁ ጥሩ ነው፤ ሌላ መሄጃ የለውምና። ሁለት መንገድ ላለው ግን ሁለት ደቂቃ ሙሉ በተዘጋ በር ፊት መቆም ነው። ስለዚህ መልቲፓዝ ባለበት ቁጥሩን ወደ ጥቂት ሴኮንዶች ማውረድ የታወቀ ምክር ነው። ካልተስተካከለ ግን በገበያ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ትንሽ ጊዜ አይደለም፤ የተሰጠ ትእዛዝ አልደረሰም ተብሎ ዳግመኛ ይሰጣል፤ ዋጋም ይለወጣል።

ቶኪዮ የከፈለችው ዋጋ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2020፣ ማለትም መስከረም 21 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ዋለ። ገበያው በ1999 ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ከተሻገረ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሲዘጋ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወደ 3,700 የሚጠጉ ኩባንያዎች አክሲዮን አልተሸጠም፤ አልተገዛም። የቶኪዮን ሥርዓት የሚጠቀሙት የናጎያ፣ የሳፖሮና የፉኩኦካ ገበያዎችም አብረው ቆሙ።

መንስኤው ጦርነት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። «አሮውሄድ» በሚባለው የግብይት ሥርዓት ውስጥ ያለ፣ በኔትወርክ የሚደረስበት አንድ የጋራ የዲስክ መሣሪያ የማስታወሻ ክፍሉ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ተበላሸ። መሣሪያው ግን ብቻውን አልነበረም። ይህን ዕለት እየጠበቀ የተቀመጠ ተተኪ ነበረው። አንደኛው ሲወድቅ ሁለተኛው በራሱ መረከብ ነበረበት፤ አልተረከበም።

ለምን? በምርመራ የተገኘው መልስ ማንኛውንም የሥራ መሪ ሊያስደነግጥ የሚገባ ነው። መሣሪያው እንዲህ ባለ ብልሽት ጊዜ ለተተኪው እንዲያስረክብ የሚያዝዘው አንድ ሴቲንግ ጠፍቶ ነበር። በቀድሞው የመሣሪያው ትውልድ ሴቲንጉ ቢጠፋም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ርክክቡ ይፈጸም ነበር። በኋላ መሣሪያው ሲታደስ አሠራሩ ተለወጠ፤ የመመሪያው መጽሐፍ ግን አልተለወጠም። ሥርዓቱን የሠራው ፉጂትሱ በመመሪያው ተማመነ፤ ገበያው በፉጂትሱ ተማመነ፤ ባለሀብቱ በገበያው ተማመነ። በዚህ የመተማመን ሰንሰለት ውስጥ ብልሽቱን አስመስሎ ሞክሮ ያየ አልነበረም።

ከዚህም የሚብስ ነበር። ባለሙያዎቹ ተተኪውን በእጅ ሥራ ካስጀመሩት በኋላ እንኳን ገበያውን በዚያው ዕለት መክፈት አልተቻለም። ከደላላ ድርጅቶች አስቀድሞ የገቡ ትእዛዞች ነበሩ። ሥርዓቱ ጠፍቶ ሲነሳ የነዚህ ትእዛዞች ዕጣ ምን ይሆናል? የሚለውን የሚወስን በቂ ደንብ አልነበረም። ደላሎቹም ሲጠየቁ ብዙዎቹ ዝግጁ አለመሆናቸውን ተናገሩ። ቴክኖሎጂው ከዳነ በኋላ ገበያውን ዘግቶ ያዋለው የደንብ አለመኖር ነው።

በኖቬምበር 30 ቀን 2020 የጃፓን የፋይናንስ አገልግሎቶች ባለሥልጣን ገበያው አሠራሩን እንዲያሻሽል ትእዛዝ ሰጠ። በዚያው ዕለት የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ፕሬዚዳንት ኮይቺሮ ሚያሃራ ከሥልጣን ለቀቁ። ሚያሃራ ከአደጋው በኋላ ጥፋቱን በአቅራቢው ላይ አላላከኩም፤ ለገበያው መከፈት ኃላፊው ገበያው መሆኑን ነበር የተናገሩት። በኋላም ገበያው ከደላሎች ጋር ተቀምጦ ከብልሽት በኋላ እንዴት እንደሚከፈት ደንብ አወጣ። ከኖቬምበር 5 ቀን 2024 ጀምሮ የግብይቱ ሰዓት በ30 ደቂቃ ሲራዘም፣ ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ ብልሽት ባጋጠመ ዕለት ለመጠገኛ ጊዜ መግዛት ነበር።

ገመድ ሲቀየር የተቆረጠ ባንክ

ቶኪዮ ላይ ሁለተኛው መሣሪያ አልነሳም። ሲንጋፖር ላይ ደግሞ ሁለተኛው መንገድ በጥገና ምክንያት ከነአንደኛው ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2010፣ ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የዲቢኤስ ባንክ አገልግሎት ተቋረጠ። ኤቲኤም አልከፍል አለ፤ ካርድ አልሠራ አለ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፒዩሽ ጉፕታ በኋላ ለደንበኞች በጻፉት ደብዳቤ የሆነውን ዘርዝረዋል። ከሁለት ቀን በፊት፣ ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር በተያያዘው የማከማቻ ሥርዓት ውስጥ ያለ አንድ የመገናኛ መስመር መዋዠቁን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደርሶ ነበር። ባንኩ ያለ ችግር ይሠራ ነበር፤ መስመሩ ሁለት ነበርና። የአቅራቢው የአይቢኤም ባለሙያዎች ገመዱን ለመቀየር ገቡ። በጥገናው ላይ የተፈጸመው የአሠራር ስህተት ግን ሥርዓቱ እንዳይወድቅ የተዘረጉትን መጠባበቂያዎች በሙሉ አናጋ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሉታል እንዲህ ያለውን። ለአንድ ገመድ ሲባል ባንክ ቆመ።

ለባለሀብት ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የሚቀጥለው ነው። የሲንጋፖር የገንዘብ ባለሥልጣን ነገሩን በወቀሳ ብቻ አላለፈውም። ባንኩ ለአሠራር አደጋ የሚይዘው ተጨማሪ ካፒታል ከፍ እንዲል ወሰነበት። መጠኑም ወደ 230 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ይደርስ ነበር። ይህ ገንዘብ ቅጣት ሆኖ አልተከፈለም፤ የባንኩ ነው፤ ግን ታስሮ ይቀመጣል። ሊበደርና ሊያተርፍ ይችል የነበረ ካፒታል ሥራ ይፈታል። ባንክ ውስጥ አክሲዮን ያለው ሰው የዚህን ትርጉም ለመረዳት ስለ ፋይበር ገመድ ማወቅ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ ምሳሌ ከኒውዮርክ ይጨመር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲከፈት፣ በርካታ አክሲዮኖች የመክፈቻ ዋጋቸው ሳይወጣ ግብይት ጀመሩ፤ ዋጋም ወዲያና ወዲህ ተላተመ፤ ብዙ ግብይትም ተሰረዘ። ገበያው የሰጠው ምክንያት ከአደጋ መጠባበቂያ ሥርዓቱ ጋር በተያያዘ በሰው እጅ የተፈጸመ ስህተት መኖሩን ነው። እዚህ ላይ መጠባበቂያው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ራሱ በሽታ ሆነ።

ሦስቱም ከተሞች የገንዘብ ችግር አልነበረባቸውም። ሦስቱም ሁለት ባላ ተክለው ነበር።

ዝም ብሎ የሚሞት መንገድ

ኢኮኖሚስቶች አንድ የሚሉት ነገር አለ። የማይታይ ጥቅም ገዢ አያገኝም። መልቲፓዝ በሚገባ ሲሠራ ማንም አያመሰግነውም፤ ምክንያቱም የሚሠራው ብልሽትን በመደበቅ ነው። ይኸው ጠባዩ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ሲሞት ደንበኛው አያውቅም፤ ትእዛዝ አይዘገይም፤ የሥራ መሪው ስልክ አይደወልለትም። ማስጠንቀቂያው ማንም በማያየው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተቋሙ በወረቀት ሁለት መንገድ፣ በተግባር አንድ መንገድ ይዞ ለወራት ሊሠራ ይችላል። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል፤ አንድ ዓይኑ መጥፋቱን ያላወቀ ሰው ግን በአፈር መጫወቱን ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው? የሚለው ነው። የአንድ ገበያ መዝገብ ለአንድ ቀን ቢዘጋ ገበያው የሚያጣው የዚያን ዕለት ኮሚሽን ነው። ደላላው ደንበኛ ያጣል። የዕለቱን ዋጋ ተማምኖ ብድር ሊከፍል ያሰበው ባለአክሲዮን ወለድ ይቆጠርበታል። ሽያጩን በዕለቱ ፈጽሞ ዕቃ ከጉምሩክ ሊያወጣ የነበረው ነጋዴ የመጋዘን ኪራይ ይከፍላል። የነዚህ ድምር ገበያው ከሚያጣው ኮሚሽን ይበልጣል። ወጪውን የሚወስነውና ጉዳቱን የሚቀበለው የተለያዩ ሰዎች በሆኑበት ቦታ ሁሉ ጥንቃቄ ከሚገባው በታች ይሆናል። ተቆጣጣሪ አካል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እምነት በቀላሉ እንደሚናጋ ኢትዮጵያም አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አድረዋል። ያ ችግር የማከማቻ መንገድ ጉዳይ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ የወሰዱትን ሰዎች አንድ በአንድ መጥራት ነበረበት። የአንድ ሌሊት ጉድለት የብዙ ሳምንታት ሥራ ሆነ።

ከዶላር ይልቅ የሚጎድለው

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ሁለት ስዊች፣ ሁለት ካርድ፣ ሁለት መቆጣጠሪያ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ዕቃዎቹ በብር ሲታሰቡ እጅግ ተወድደዋል። «ተኝቶ ለሚጠብቅ ዕቃ ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ይውጣ?» የሚል የቦርድ አባል አይጠፋም። ጥያቄው የንቀት መልስ አይገባውም፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድር ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛው መንገድ ተኝቶ እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። የመልቲፓዝ ሶፍትዌር ሥራውን በሁለቱ ላይ እንዲያካፍል ሊታዘዝ ይችላል። ማከማቻው አንደኛውን መንገድ የሚመርጥ ከሆነም፣ የተመረጡትን መንገዶች አስቀድሞ፣ ያልተመረጡትን ለክፉ ቀን ያቆያል። ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ ዕቃው በየቀኑ ዋጋውን ይከፍላል፤ በየቀኑ ስለሚሠራም ደህንነቱ በየቀኑ ይታያል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ የሚሸከሙት ጭነት አንዱ ብቻውን ሊሸከመው ከሚችለው ካለፈ፣ አንዱ በወደቀ ቀን ሌላው ከክብደቱ የተነሳ ይወድቃል። ሁለት መኪና ሙሉ ጭነት ጭኖ «አንዱ ቢበላሽ በሌላው አደርሳለሁ» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛውና ዋናው መልስ፣ በቶኪዮም በሲንጋፖርም የጎደለው ዕቃ አልነበረም። ዕቃው ተገዝቶ ተቀምጧል። የጎደለው ሙከራና ሥነ ሥርዓት ነው። የመልቲፓዝ ሶፍትዌር በሊኑክስ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኛል። ገበያ በሌለበት እሑድ አንዱን ገመድ ነቅሎ ሥራው መቀጠሉን ማየት፣ የአንዱን ስዊች መብራት ማጥፋት፣ አንዱን መቆጣጠሪያ አስቁሞ ሌላው መረከቡን መመዝገብ፣ ከዚያም ሁሉንም መልሶ መንገዶቹ መዳናቸውን ማረጋገጥ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የባለሙያዎች አንድ እሑድና የሥራ መሪው ድፍረት ነው። ድፍረት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በደህና የሚሠራ ገመድ ንቀሉ ብሎ የሚያዝዝ መሪ፣ ሙከራው ቢከሽፍ እንደሚወቀስ ያውቃል። ሳይሞክር ቢቀርና በሥራ ቀን ቢከሽፍ ግን ጥፋቱ «የቴክኒክ ችግር» ተብሎ ይታለፋል። ይህ የተዛባ ሒሳብ እስካልተስተካከለ ድረስ ማንም ገመድ አይነቅልም።

የባለሙያ ያልሆነ ውሳኔ

በመልቲፓዝ አሠራር ውስጥ አንድ ሴቲንግ አለ። ይኸውም መንገዶቹ ሁሉ ቢሞቱ ምን ይደረግ? የሚለው ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው መጠበቅ ነው፤ ሰርቨሩ ያልተጻፈውን ሥራ ይዞ መንገድ እስኪከፈት ይቆማል። መንገዱ ቶሎ ከተመለሰ ምንም አይጠፋም። ካልተመለሰ ግን ሥርዓቱ አልሞተም፤ አልዳነምም፤ ሌላ ሰርቨር እንዳይረከበው እንኳን በሕይወት ያለ ይመስላል። ሁለተኛው ምርጫ ወዲያው «አልተቻለም» ብሎ ማሳወቅ ነው። ያን ጊዜ ሥራው ይቋረጣል፤ ነገር ግን በሌላ ቦታ ያለው ተተኪ ሰርቨር ይነሳል። በመሐሉ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ጠብቅ፣ ከዚያ ተወው የሚል ትእዛዝ መስጠት ይቻላል።

ይህ ምርጫ በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ በአንድ መስመር የሚጻፍ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው መሣሪያውን የተከለው ባለሙያ ነው፤ ካልወሰነም ከፋብሪካ የመጣው ይጸናል። በይዘቱ ግን የንግድ ውሳኔ ነው። ደንበኛ ቢጠብቅ ይሻላል ወይስ ቢነገረው? ለደመወዝ ክፍያ ሥርዓት መጠበቅ ጉዳት የለውም። ዋጋ በየቅጽበቱ ለሚለዋወጥበት ገበያ ግን ትእዛዙ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የሚለውን ሳያውቁ መቆየት ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለው ውሳኔ ቦርድ ሳያውቀው በጓዳ መወሰኑ ትክክል አይደለም።

ማን ምን ይጠይቅ?

በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ገና ጀማሪ ገበያ ይዟል። ይህ ድክመት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ቶኪዮ ደንቡን የጻፈው አንድ የግብይት ቀንና አንድ ፕሬዚዳንት ካጣ በኋላ ነው። ጀማሪ ገበያ ከሌላው ኪሳራ በነጻ የመማር ዕድል አለው። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት በሆኑበት ጊዜ የሚደረግ ልምምድ ርካሽ ነው፤ ሲበዙ ይወደዳል።

ከተቆጣጣሪው የሚጠበቀው ስንት ዕቃ እንደተገዛ መቁጠር ሳይሆን፣ መቼ እንደተሞከረ መጠየቅ ነው። ደላሎች የሚሳተፉበት ልምምድ በዓመት ሁለት ጊዜ ተደርጎ ውጤቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እምነት ይገዛል። ገበያው በመሐል ተቋርጦ ሲነሳ አስቀድሞ የገቡ ትእዛዞች ይጸናሉ ወይስ ይሰረዛሉ? የሚለውም ዛሬ፣ ማንም ባልተጎዳበት ጊዜ፣ ተጽፎና ታውቆ መቀመጥ አለበት።

ከባንኮችና ከገበያው ቦርድ የሚጠበቀው ደግሞ በየሩብ ዓመቱ በሚቀርብላቸው ሪፖርት ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ከመንገዶቹ ስንቱ በሕይወት አለ? የሞተ ከነበረ ለስንት ቀን ሳይታወቅ ቆየ? ከአቅራቢ ጋር በሚፈረም ውል ላይም መሣሪያው ወይም ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ርክክቡ እንደገና እንዲሞከር የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። ጥገና የሚያደርገው የውጭ ባለሙያ ከሆነም፣ የተቋሙ የራሱ ሰው ሳያጸድቅና ሳይኖር አንድ ገመድ እንዳይነካ ይደረግ። የቶኪዮና የሲንጋፖር ትምህርት በነዚህ ሁለት አንቀጾች ይጠቃለላል።

ደላላውም ከጥያቄው ነጻ አይደለም። ቶኪዮ ገበያውን ከሰዓት በኋላ እንዳይከፍት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የደላሎች አለመዘጋጀት ነበር። የገበያው መንገድ አራት ሆኖ የደላላው ቢሮ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ከተንጠለጠለ፣ ለደንበኛው ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው።

ባለሀብቱስ? አክሲዮን ሲገዛ የትርፍ ድርሻውን፣ የቅርንጫፉን ብዛት፣ የተቀማጩን ዕድገት ይጠይቃል። በባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ አበልና ስለ ሹመት ሰፊ ክርክር ይደረጋል። በሚመጣው ጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ማንም ሊከለክለው አይችልም። ጥያቄው የቴክኖሎጂ ዕውቀት የሚፈልግ አይደለም። «መዝገባችን ወዳለበት የሚወስደው ሁለተኛ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞከረው መቼ ነው? በቦታው ማን ነበር?» የሚል ነው። ቀን ተጠርቶ ስም ከተነገረው፣ ገንዘቡ በደህና እጅ ነው። «ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት አለን» ከተባለ ግን፣ ቶኪዮም ሁለት እንደነበራት አስታውሶ ጥያቄውን ይድገመው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በእሑድ ለሚነቀል ገመድም ይሠራል።